የአቶ ወንድይራድ አልጋና «ጓዳችን» መጽሔት

ስሟን ብጠራው ማንንም የማልጠቅምባት፣ ባልጠራውም ማንንም የማልጎዳባት አንዲት ከተማ አለች። ተወልጄ ያደግሁት በእርሷ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያች ከተማ በዓይኔ ያየሁትንና ከጎረቤቶቼ አንደበት የሰማሁትን ነው። ያልገባኝን እንደገባኝ አስመስዬ አልጻፍሁም፤ የገባኝንም አላብራራሁም።

በከተማችን ከጥንት ሲወርድ የመጣ አንድ ሕግ ነበር፤ የናሙና ሕግ ይባላል። እህል ሻጭ ገበያ ሲወጣ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ በሰፌድ ላይ ያሰጣል። ገዢ የሚያየው እፍኙን ነው። ጆንያው ሲፈታ እህሉ ከእፍኙ ጋር ያልገጠመ እንደሆነ የናሙና ዳኛ የሚባል ሹም ይጠራል። ዳኛውም የሻጩን ቁና ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄድና በግቢው በር ምሰሶ ላይ ይደፋበታል። ቁና የተደፋበት ሰው፣ ቁናው እስኪነሣ ድረስ ማንም በደጁ አይገባም፤ ማንም ከእርሱ አይገዛም፤ መንገድ ላይም ሰላም የሚለው የለም። ቁናውን ማን እንደሚያነሣው ግን ሕጉ አይናገርም። አባቶቻችን ይህን ሳይወስኑ ሞቱ።

ኋላ ሚዛን መጣና እፍኝ ማስጣት ቀረ። ሹመቱ ግን አልቀረም፤ በከተማችን ሹመት የሚቀረው ተሿሚ ሲጠፋ እንጂ ሥራ ሲጠፋ አይደለም። እኔ በማወራበት ዘመን የናሙና ዳኛ የነበሩት አቶ አስረስ ናቸው። በገበያው ዳር ባለች ዳስ ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በፊታቸው የሚያልፈውን እህል ሁሉ በትካዜ እያዩ ይውሉ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። በሥራቸው ማንንም በድለው አያውቁም፤ ሥራ አልነበራቸውምና።

ሌላው የከተማችን ነገር ግንብ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግቢን ከግቢ የሚለየው ቁጥቋጦ ነበር፤ ዶሮውም ወሬውም እንደ ልቡ ይሻገረው ነበር። ኋላ አንዱ ግንብ ሠራ። ጎረቤቱ እንዳያንስ ብሎ ከፍ አድርጎ ሠራ። ሦስተኛው የሁለቱን ቁመት ደምሮ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቶቻችንን ፊት የምናየው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ብቻ ሆነ፤ በዚያም ደግሞ ሰው ሁሉ አንገቱን ስለሚደፋ በደንብ አንተያይም ነበር።

እታፈራሁ የአቶ ወንድይራድ አንድያ ልጅ ናት። አቶ ወንድይራድ በሥራ ዘመናቸው የጥላ አከራይ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ሰፊ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ፀሐይ የበረታበትን ሰው ከሱቅ ሱቅ እየሸኙ ይተዳደሩ ነበር። ልጃቸውን ግን አስተማሩ፤ እርሷም በከተማው ማተሚያ ቤት የፊደል ግድፈት አራሚ ሆነች። ዝምተኛ ናት። ግድፈት ስታይ ግን ጣቷን ይበላታል፤ ሳታርመውም አታልፍም።

የእናቷ ሞት እንዲህ ነበር። ከግንቡ ወዲያ የሚኖሩት ወይዘሮ ደብሪቱ የልጅ ልጃቸውን ስም የሚያወጡበት ድግስ ነበራቸውና ከበሮው ከማለዳ ጀምሮ ይደለቃል። ከግንቡ ወዲህ ባልና ልጅ አስከሬን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አሉ አቶ ወንድይራድ።

እታፈራሁ ሄደች። ከግንቡ ስትደርስ መዳፏን አሳረፈችበት፤ የከበሮው ምት በድንጋዩ ውስጥ አልፎ እጇን ነዘራት። ጥቂት ቆማ ተመለሰች።

«ነገርሻቸው?»

«ደስ ብሏቸዋል፣ አባባ።»

በማግስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እየጮኹ መጡ። «ግንቡ ነው ልጄ! ይኸ የተረገመ ግንብ ነው! በምን ጆሮዬ ልስማ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። እታፈራሁ አልተቀየመችም፤ ያሉትንም አመነች። ጥፋተኛው ግንቡ ነበር። ግንብ ማፍረስ ደግሞ የእርሷ ሥራ አልነበረም፤ የእርሷ ሥራ ማተም ነው። ስለዚህ «ሰው በበር መግባት ካቃተው በወረቀት ይግባ» አለችና «ጓዳችን» የተባለ የሰፈር መጽሔት ለማውጣት ተነሣች። ማን ምን እንደሚያበስል፣ የማን ግቢ ውስጥ ምን እንዳበበ፣ ማን ታሞ ማን እንደዳነ ለጎረቤት ሁሉ ሊናገር ነው።

ለመጀመሪያው እትም የፊት ገጽ የሚሆን የቤት ፎቶግራፍ ብታፈላልግ ግን የሚፈቅድላት ጠፋ። «ቤቱ አልተሰናዳም» አለ ሁሉም፤ በከተማችን ተሰናድቶ የሚያውቅ ቤት አልነበረም። በመጨረሻ ፎቶ አንሺውን ዳምጠውን ይዛ ወደ አባቷ መኝታ ቤት ገባች።

አልጋው የሰርግ አልጋ ነው። አንድ እግሩ ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በምትኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ወንድይራድ በተገላበጡ ቁጥር የእግሩ ጉማጅ ከድንጋዩ ጋር ይጋጭና «ጓ» ይላል።

«ድንጋዩ አይታይም፤ ከወገቡ በላይ ነው የማነሣው» አለ ዳምጠው።

«ምን አልክ አንተ?» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ቤት ውስጥ ሳያርፍ የሠራ እሱ ብቻ ነው። እሱን ትተህ ትራስ ታነሣለህ?»

«አባባ፣ ለማማር እኮ ነው።»

«ለማማርማ እኔም ልውጣላችሁ?»

ወጡላቸው። አልጋው ተነጠፈ፤ ትራሱ ወደ ግራ ተደገፈ፤ በመስኮቱ የገባች ብርሃን አንሶላው ላይ አረፈች። ፎቶግራፉ ያማረ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም።

የመጀመሪያው እትም እንደ ወጣ የሆነው ነገር ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ሰው መጽሔቱን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር እየተቀባበለ አነበበው። ለዘመናት ግንብ የለያቸው ሁለት ጎልማሶች ሁለቱም እርግብ እንደሚያረቡ ከመጽሔቱ አወቁና፣ እየተጠራሩ በግንቡ ላይ ያወሩ ጀመር። እታፈራሁ ከማተሚያ ቤት ስትመለስ የእነዚያን ሰዎች ድምፅ ለመስማት መንገዷን አርዝማ በዚያ በኩል ታልፍ ነበር። ሁለተኛውን እትም ስታሰናዳ ቤቴን ካላነሣሽልኝ የሚል ሰው በሯን ያንኳኳ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው በቅን ልቡና ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ መጽሔቱን በብብታቸው ይዘው፣ ያንን አልጋ በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ገጹን፣ አንድ ጊዜ አልጋውን ተመለከቱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ትራሱ» አሉ።

«ትራሱ ምን ሆነ?» አሉ አቶ ወንድይራድ።

«እዚህ ላይ ወደ ግራ ነው፣ ጋሼ።»

«ሌሊት ወደ ቀኝ ዞርኩ።»

«ይዙሩ፤ ማን ከለከለዎት። ግን ሰው ምን ይላል? እፍኙን አውጥታችሁ፣ ጆንያው ሌላ ሆነ አይልም?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ሲናገሩ ክፋት አልነበረባቸውም። ለጎረቤታቸው ክብር ተጨንቀው ነው። ጭንቀታቸውንም ለአንድ ሰው አካፈሉ፤ ያ ሰው ለሌላው አካፈለ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ወሬው ከአቶ አስረስ ዳስ ደረሰ። አቶ አስረስም ከተሾሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ከወንበራቸው ተነሡ።

መጥተው እጃቸውን ታጠቡ። አልጋውን ዞረው አዩ። ከዚያም መጽሔቱን ከፍ አድርገው «እፍኙ ይህ ነው» አሉ፤ ቤቱን በእጃቸው አመልክተው «ጆንያው ደግሞ ይህ ነው።»

«አቶ አስረስ፣ ይህ እኮ እህል አይደለም» አለች እታፈራሁ። «አባቴ የሚተኙበት አልጋ ነው።»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው ልጄ። እህል ቢሆን ይቀል ነበር።»

ብይኑ አልጋው እንደ ፎቶግራፉ ሆኖ ይኑር የሚል ነበር፤ ካልሆነ ቁና ይደፋል። ቁና ከተደፋ ደግሞ መጽሔቱን የሚገዛ አይኖርም። እታፈራሁ ሁለቱን ባለ እርግቦች አሰበች። በሯን ያንኳኩትን ሰዎች አሰበች። አባቷም ፊቷን አይተው፣ ሳትጠይቃቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና «ጓሮ ያለችው ማድቤት አትበቃኝም? ለጊዜው ነው» አሉ። በከተማችን ከ«ለጊዜው» የሚረዝም ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግራል፤ በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሆነና። ቤቱ በ«ጓዳችን» የወጣለት ሰው ሁሉ ከቤቱ እየወጣ ጓሮ ገባ። ሳሎኑ እንደ ታተመ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ከኋላ ቆርቆሮ ዘርግቶ ይኖራል። እየሳቀ ምሳ ሲበላ ፎቶ የተነሣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየሳቀ ይጎርሳል፤ በኋላ ትንታ ለመደበት። ኮክ ዛፋቸው እንዳበበ የታተመላቸው እኅትማማቾች ክረምት ከበጋ የወረቀት አበባ ሲያስሩ ይውላሉ። አራስ ልጃቸውን ታቅፈው የተነሡ ባልና ሚስት ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ደነገጡ፤ እንግዳ የሚመጣባቸው ዕለት ከአራስ ቤት ሕፃን ይዋሳሉ፤ የራሳቸውን ልጅ ጓሮ ይደብቁታል። እኔም መጽሐፍ ስገልጥ ተነሥቼ ነበርና፣ በዚያው ገጽ ላይ እንደቆምሁ ቀረሁ። ታሪኩ ልብ አንጠልጣይ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያጉረመረመ ሰው አላየሁም። ቤቱ ያልታተመለት ነበር የሚያዝነው። በር ላይ እየቆመ «ምን አጠፋን? እኛስ ጓሮ የለንም?» ይል ነበር።

እታፈራሁም ጻፈች። አንባቢ የጠየቀውን መጻፍ የአዘጋጅ ግዴታ ነው ብላ ታምን ነበር። «ሳይቀመጡበት የሚያምር ሳሎን»፣ «የጓሮ ኑሮ ለዘመናዊ ቤተሰብ»፣ «ልጆችዎ በፎቶግራፉ ልክ እንዲቆዩ ምን ያደርጋሉ?» የሚሉ ጽሑፎች በ«ጓዳችን» ላይ ወጡ። ዓረፍተ ነገራቸው የተስተካከለ፣ ግድፈት የሌለባቸው ነበሩ። መጽሔቱ በየወሩ እየወፈረ ሄደ። በሹማምንቱ አደባባይ ወንበር ተሰጣት። ሰውም እንደ ድሮው አይደለም፤ አሁን እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ በሩ ሁሉ ክፍት ነው። ይህ ያጽናናት ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን በእነዚያ ባለ እርግቦች ሰፈር ብታልፍ፣ አንደኛው በሌላኛው በር ቆሞ፣ መጽሔት ገልጦ እርግብ ሲያስተያይ አየችው። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟል፤ አልተነጋገሩም።

ያን ዓመት ክረምቱ ከበደ። ማድቤቲቱ ማፍሰስ ጀመረች። አቶ ወንድይራድ የድሮ ጃንጥላቸውን ፈልገው ከመደባቸው በላይ ዘረጉና ከሥሩ ተኙ።

«አየሽ?» አሉ ልጃቸውን። «ዕድሜዬን ሙሉ ያከራየሁትን ጥላ ለራሴ ተከራየሁ። ደንበኛውም ጥሩ ነው፤ አይከራከርም።»

ሳሉ ግን ሐኪም እስኪያስጠራ በረታ። ሐኪሙ አዳምጦ «ደረቅ ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ እርጥበት ክረምቱን አይዘልቁትም» ብሎ ሄደ።

«ደረቅ ቦታማ አለኝ» አሉ አቶ ወንድይራድ፤ «ታተመ እንጂ።»

እታፈራሁ ከመደቡ ሥር ተንበርክካ እግራቸውን ታሻለች። አልሳቀችም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ?» አሉ ቆይተው።

«ይበሉ አባባ።»

«አልጋዬ ላይ ልተኛ። ልሙት አላልኩሽም፤ ልተኛ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱና እኔ እንነጋገራለን።»

ተነሥታ ወደ አቶ አስረስ ሄደች። ዳሳቸው ዛሬ ባለጉዳይ ሞልቷታል። እርሳቸውም ከስተዋል፤ ቤታቸው ባለፈው እትም ስለ ወጣ ከነባለቤታቸው በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት። የመጣችበትን ነገረቻቸው። አቶ አስረስ ግንባራቸውን ይዘው አሰቡና ፊታቸው ፈካ።

«መላ አለው! አዲስ ናሙና ማውጣት አይከለከልም። አባትሽን አልጋው ላይ እንደ ተኙ አንሥተሽ አትሚ። ከዚያ በኋላ መተኛታቸው ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው።»

እታፈራሁ እፎይ አለች። ወዲያው ግን አራሚነቷ መጣባት።

«ፎቶ የሚነሡት ታመው ነው፤ ከዳኑስ?»

«እንዴት?»

«ድነው ቢነሡስ ከአልጋው?»

አቶ አስረስ ግንባራቸውን መልሰው ያዙ። 

«እንግዲህ... መነሣት አይችሉም» አሉ።

«ቢሞቱስ?»

«እሱም ባይሆን ይመረጣል።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አትፍረጂብኝ ልጄ። ሕጉ ለእህል የወጣ ነው። እህል አይድንም።»

ተመልሳ ለአባቷ ስትነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያው ልዳን ወይስ ልታመም የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋ!» አሉ። ሳሉ ሲለቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ በኋላም አልለመኑም።

እታፈራሁ የማድቤቲቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ማተሚያ ቤት ያለው አዲሱ እትም እስከዚያ ከወጡት ሁሉ የወፈረው ነው፤ ለፊት ገጹ የአደባባዩ ሹማምንት ሳይቀሩ ተሻምተውበታል። አባቷ አልጋቸው ላይ ቢተኙ ያ እትም የመጨረሻው ነው። ከፊቷ ግንቡ ቆሟል። ተራምዳ መዳፏን አሳረፈችበት። ዛሬ ከበሮ የለም፤ ድንጋዩ እርጥብና ጸጥተኛ ነበር። ያን ዕለትም እንዲሁ እጇን አሳርፋ፣ ሳትናገር እንደ ተመለሰች ትዝ አላት። በዚያ ዕለት እርሷን ከመናገር የከለከላት ምን እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠየቀች።

ያደረገችውን በጠራራ ፀሐይ፣ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ነው ያደረገችው። አባቷን በትከሻዋ ደግፋ ከማድቤት አወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ በፊት ለፊት በር አስገባቻቸው። መንገደኛው ቆሞ አየ። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ አቶ ወንድይራድ ያንን የተነጠፈ አንሶላ አይተው እንደ እንግዳ አመነቱ።

«ትራሱስ ወዴት ይሁን?» አሉ።

«ወደ ተመችዎት።»

ተኙ። ጓ አለ።

አቶ አስረስ የአቶ ወንድይራድን ቤት ቁና ራሳቸው ተቀብለው፣ ራሳቸው በበሩ ምሰሶ ላይ ደፉት።  «ይቅር በይኝ» አሉ። «እርስዎም ይቅር ይበሉኝ» አለች እታፈራሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ ሕጉ እንደሚያዘው።

ይህም ሆኖ አንድ እትም አወጣች። የፊት ገጹን ለወጠችው። ዳምጠው በተደፋ ቁና ሥር ማለፍ ስለማይችል፣ በመንገዱ በኩል ግንቡ ላይ መሰላል አስደግፎ ወጣና ከዚያው ሆኖ በተከፈተው መስኮት አነሣ። በፎቶግራፉ ላይ አቶ ወንድይራድ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ አንሶላው ተጨማድዷል፤ ከሥር ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከበታቹ «በዚህ አልጋ ላይ ሰው ይተኛል» የሚል ብቻ ተጻፈ። አንድም ሰው አልገዛውም። አከፋፋዩ እሽጉን እንደ ታሰረ አምጥቶ በር ላይ ጥሎት ሄደ። እታፈራሁ እየጎተተች አስገባችው፤ አልጋው አጠገብ ከመረችው፤ ከላይ ያለውን አንሥታ ስታገላብጥ አንድ ግድፈት አገኘችና እስክሪብቶ አውጥታ አረመች። ከዚያም ክምሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። አቶ ወንድይራድ የነቁ አልመሰሉም፤ እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ወጥታ ጭንቅላቷ ላይ አረፈች።

የክረምቱ ማብቂያ አካባቢ፣ አንድ ጠዋት የግቢው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው አጥሚት የሞላ ማሰሮ፣ በሌላው ቁናውን ይዘዋል።

«ይኸ ዕቃ በራችሁ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት» አሉ፤ ቁናውን መሬት ላይ እያስቀመጡ። «ሰው ዕቃውን እንዲህ ይጥላል?»

እታፈራሁ አፏን ይዛ ቆመች። «እትዬ ደብሪቱ! አቶ አስረስ ቢሰሙስ?»

«ይስሙዋ። ማን እንደሚያነሣው አይናገርም ሕጉ፤ አባቴም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጋሼ የት አሉ?»

«አልጋዬ ላይ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ከውስጥ፤ «ትራሱ ወደ ቀኝ ነው፤ ቀድሜ ልንገርሽ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ገብተው፣ አጥሚቱን አቀብለው፣ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡ። ያ ወንበር በመጀመሪያው እትም ፎቶግራፍ ጥግ ላይ የሚታየው ነው። አባትና ልጅ ሁለቱም አዩአቸው። ወይዘሮ ደብሪቱም ወንበሩን አዩት፤ ቀስ ብለው፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ምንም አልሆነም። ከዚያም ጀርባቸውን አስደግፈው ተንፈስ አሉ።

«እንዴት እንደ ታመምሁ በምን ሰማሽ ደብሪቱ?» አሉ አቶ ወንድይራድ አጥሚቱን እየጠጡ፤ «ልጄ እንደሁ ለማንም አትናገርም።»

«እንዴት አልሰማ? ሌሊቱን ሙሉ ጓ፣ ጓ ይላሉ፤ ከዚያ ይስላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ጓ! እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ?»

«በግንቡ በኩል ይሰማል?» አለች እታፈራሁ።

 ወይዘሮ ደብሪቱ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፤ መልሰው ፈቱት።

«ሁሉም ይሰማል ልጄ። ያን ጊዜም እንዳልሰማ ያደረገኝ ግንቡ አልነበረም። ከበሮው ነው፤ የእኔ ከበሮ።»

 አቶ ወንድይራድ ባዶውን ማሰሮ መለሱና «አጥሚቱ ጨው ይጎድለዋል» አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ «የታመመ ሰው ምላስ ነው የጎደለው!» ብለው ጮኹ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የዚያን ዕለት ቤታቸው ሲገቡ በ«ጓዳችን» በወጣው ሳሎናቸው ውስጥ ቁጭ አሉ። ልጆቻቸው በመስኮት አዩአቸውና እየፈሩ ገቡ። በማግስቱ ያ ነጋዴ ፊቱን አኮሳትሮ ምሳውን በላ፤ ትንታውም ለቀቀው። ያ ጓሮ ይደበቅ የነበረ ልጅ በፊት ለፊት በር እየሮጠ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ «ለካስ እንዲህ አድጓል!» አለ። አዋጅ አልወጣም፤ ስብሰባ አልተደረገም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱ የጀመረው መስሎት ወደ ቤቱ ገባ። እኔም ገጹን ገለጥሁ፤ ታሪኩ እንዳሰብሁት አልነበረም።

በመጨረሻ የገቡት አቶ አስረስ ናቸው። አስቀድመው አቶ ወንድይራድን ሊጠይቁ መጥተው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው «እንዴት ነው?» አሉ፤ በሽታውን ይሁን አልጋውን መጠየቃቸው አልታወቀም።

«ይመቻል» አሉ አቶ ወንድይራድ። «ሄደው ይተኙ እንጂ ጌታዬ። ባለቤትዎ በረንዳ ላይ ናቸው።»

«ጓዳችን» ግን አልተመለሰም። እንደገና እናስጀምረው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ስብሰባ ተጠራ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ስለ ነበር የመጣ የለም። እታፈራሁ ብቻዋን በአዳራሹ ቆይታ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። ወደ ማተሚያ ቤት ሥራዋ ተመለሰች። ያዝን ነበር ልቧ፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። በእጅ የተሠራ ነገር ሲሞት ሥራው ስላበቃ ነው ቢሉትም አይጽናኑበትም።

አቶ ወንድይራድ ዳኑ። ድነው መገላበጣቸው ሲበረታ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንድ ቀን ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አልጋውም ዘመመ።

«ደህና አድርጎ ሠራ፤ ይረፍ» አሉ ድንጋዩን አገላብጠው እያዩ። ከዚያም ያልተሸጠውን ክምር ተመለከቱ፤ ልጃቸውን ግን አልተመለከቱም። «ያ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።»

 እታፈራሁ ተንበረከከች። መጽሔቶቹን አንድ በአንድ፣ ጠርዛቸውን አስተካክላ፣ የአባቷ ፎቶግራፍ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ደረደረች፤ የእግሩንም ጉማጅ አሳረፈችበት። አልጋው ቀጥ አለ። አቶ ወንድይራድ ወጡበት፤ ወደ ግራ ተገላበጡ፤ ወደ ቀኝ ተገላበጡ። ድምፅ የለም።

«ከድንጋዩ ይሻላል» አሉ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተደበደበ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ቆመዋል።

«ጋሼ! ጋሼ ምን ሆኑ? ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬን ግንቡ ላይ ለጥፌ አደርኩ፤ ጓ የሚል የለ! ምን ሆኑብሽ ልጄ?»

«አለሁ!» አሉ አቶ ወንድይራድ ከውስጥ። «ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፤ እሱም ጥፋት ሆነ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ገብተው ከአልጋው ሥር አጎነበሱ፤ ክምሩን አዩ፤ በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ወንበሩ ላይም ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ እኔ መኖርዎን በምን ልወቅ?» አሉ።

«መጥተሽ ማየት ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የግቢው በር ይንኳኳል። እታፈራሁ ወደ ሥራዋ ከመውጣቷ በፊት ትከፍታለች። ወይዘሮ ደብሪቱ «እስኪ፣ አሉ?» እያሉ ይገባሉ፤ ሳይቀመጡም አይሄዱም።